ወደ ላይም ማይነስ፣ ወደ ታችም ማይነስ

«አይንቀሳቀስም አልኩህ እኮ አባዬ! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይንቀሳቀስም!»

የፊዚክስ አስተማሪው ይህን የሰማው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የትምህርት ቤቱን ትንሿን በር ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ካሻገረ በኋላ ነው። ድምፁ የመጣው ከዘበኛው ክፍል ነው። በሩ አጠገብ ካለው ግንብ ጋር ተለጥፋ የተሠራች፣ አልጋና ጠረጴዛ ጎን ለጎን የማይገቡባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰውዬው ቆሞ ወሬ የማዳመጥ አመል የለበትም፤ እንዲያውም በአስተማሪዎች ማረፊያ ሐሜት ሲጀመር ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ነው። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ።

«ኧረ ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማሻል» አለ ዘበኛው።

«ይስማኛ! የተሳሳተው መልሱን ያወጣው ሰውዬ ነው። በአንዲት ማርክ እኮ ነው የጣሉኝ! አንዲት!»

መልሱን ያወጣው ሰውዬ እንግዲህ ራሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለዐሥር ጎበዝ ልጆች ያለ ክፍያ የመማሪያ ቦታ ይሰጣል። የፈተናውን የፊዚክስ ክፍል የሚያወጣውም የመልስ ወረቀቱን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ስም ዝርዝሩ ትናንት ተለጠፈ። የዘበኛው ልጅ ዐሥራ አንደኛ ወጣች፤ ከዐሥረኛው የምታንሰው በአንድ ማርክ ነው። ቅሬታ ያለው እስከ ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዶሴው ይዘጋል። ለዚህች ልጅ ዶሴው ተዘጋ ማለት ደግሞ ትምህርት ተዘጋ ማለት ነው። ሌላ ከተማ የልብስ ስፌት ያላት አክስቷ ለነገ ጠዋት ትኬት ቆርጣላታለች። እሷም የምትፈልጋት ልታስተምራት ሳይሆን ቁልፍ የምትተክልላት ሰው አጥታ ነው።

ቀና ሲል ከክፍሏ በር ፊት ለፊት የሆነ ነገር አየ። አንድ ጣውላ በድንጋይ ተደግፎ ዘቅዘቅ ብሏል። በጣውላው ላይ በሲባጎ የታሰረ ጡብ ተቀምጧል። ሲባጎው ወደ ላይ ሄዶ በምስማር በተመታ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ላይ ዞሮ፣ በወዲያኛው በኩል ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንጠልጥሎበታል። ጡቡ ወደ ላይ አልወጣም፤ ወደ ታችም አልወረደም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ዘበኛው ብቅ ሲል ከአስተማሪው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ክው አለ። ቆቡን አወለቀና «ይቅር ይበሉን ጋሼ፣ ልጅ ናት፣ አፏን አታውቅም» እያለ ልጁን በክንዱ ወደ ኋላ ሊያደርጋት ሞከረ። እሷ ግን በክንዱ ሥር ሾልካ ወጣች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ እጅጌዋ ያጠራት ሹራብ የለበሰች፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ።

«ጋሼ፣ ስሞትልዎ፣ ዐሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ እንደገና ይዩልኝ። እኔ አይንቀሳቀስም ብዬ ነው የመለስኩት። ይኸው በጣውላም ሠራሁት።»

«አየዋለሁ። ማታ ስወጣ እነግርሻለሁ» አላት።

«ማታ ከሆነማ ምን ዋጋ አለው ጋሼ? ከዐሥራ አንድ በፊት ነው እንጂ።»

«እሺ» ብሎ ሄደ። ሲራመድ ጀርባው ላይ ዓይኗ ተሰክቶ ይታወቀዋል።

ይህን ሰው ተማሪዎች ከጀርባው «ጋሼ ማይነስ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልጆች ሒሳብ ሠርተው መልሱ ከዜሮ በታች ሲመጣባቸው ሲደነግጡ፣ እሱ ጠመኔውን እያወዛወዘ «ማይነስ አያስፈራችሁ! ማይነስ ማለት አቅጣጫውን አጣመማችሁ ማለት ነው። ገልብጡትና እለፉ!» ይላቸዋል። ልጆች ይስቃሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ያልፋሉ። ባለትዳር ሆነው፣ ልጅ ወልደው መንገድ ላይ ሲያገኙት እንኳ «ጋሼ፣ ገልብጠን አለፍን እኮ!» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል። ሚስት አላገባ፣ ቤት አልሠራ፣ የደረጃ እድገት የሚባል ነገር በዓይኑ ዞሮ አላየ። ይቺ አንድ ነገር ግን ነበረችው፤ ፊዚክስ ላይ ተሳስቶ አያውቅም። ማንም ይህን ሊነሣው አይችልም ነበር።

የአስተማሪዎች ማረፊያ ባዶ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የትናንት ብርጭቆዎች እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፏል። የጠመኔ ካርቶን ቀደደና በጀርባው ላይ መሥራት ጀመረ። ጥያቄው ይህ ነው፤ አምስት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ዘቅዛቃ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ከላይ በፑሊ ዞሮ፣ በወዲያኛው ጫፍ ሁለት ኪሎ ተንጠልጥሏል። ዕቃው በክብደቱ ወደ ታች ልንሸራተት የሚልበት ኃይል ሠላሳ ኒውተን ነው። የተንጠለጠለው ወደ ላይ የሚስብበት ሃያ። ዕቃውና ወለሉ ሲፋተጉ የሚይዘው ሰበቃ ደግሞ ቢበዛ ቢበዛ ሃያ ሊይዝ ይችላል። ወደ ላይ ይሄዳል ብሎ ሠራው፤ ከሃያ ላይ ሠላሳ፣ እንደገና ሃያ ሲቀነስ፣ ማይነስ ሠላሳ መጣ። ለሰባት ኪሎ ሲካፈል ማይነስ አራት ነጥብ ሦስት። ይህን ገልብጦ ነበር የመልስ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው፤ «ለ» ብሎ። ወደ ታች፣ በአራት ነጥብ ሦስት።

አሁን እጁ ቆመ። ዕቃው አቅጣጫ ሲቀይር ሰበቃውም አብሮ ይቀይራል እንጂ! ሰበቃ አመሉ የታወቀ ነው፤ ዕቃው ወደ ላይ ልሂድ ሲል ወደ ታች ይይዘዋል፣ ወደ ታች ልሂድ ሲል ወደ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ መገልበጥ አይቻልም፤ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ መሥራት ነው። ወደ ታች ይሄዳል ብሎ ሠራው፤ ከሠላሳ ላይ ሃያ፣ እንደገና ሃያ። ማይነስ ዐሥር። ደግሞ ሠራው። ማይነስ ዐሥር። ወደ ላይም ማይነስ፣ ወደ ታችም ማይነስ። ዕቃው የትም አይሄድም። ልጅቱ የመረጠችው «መ» ነው፤ «አይንቀሳቀስም»። ያንን አራተኛ ምርጫ ያስገባው ራሱ ነው፤ ሌላ የተሳሳተ መልስ ስላጣ ቦታ እንዲሞላለት ብሎ።

እንዴት እንደ ተሳሳተ ወዲያው ገባው። የድሮው ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለው ስድስት ኪሎ ነበር፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ ይጎትታል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮ ፈተና መሸጥ ስለ ጀመሩ፣ ዘንድሮ ስድስቱን ሰርዞ ሁለት አደረገውና በችኮላ ሠርቶ፣ ማይነስ ሲመጣበት እንደ ልማዱ ገልብጦ አለፈ። የገረመው የዘንድሮው ስሕተት አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት! ሰበቃ ያለበትንም የሌለበትንም «ገልብጡትና እለፉ» እያለ ስንቱን ልጅ አሳልፏል? አንድም ልጅ ተነሥቶ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ልክ አይደለም» ያለው የለም። የመጀመሪያዋ የዘበኛው ልጅ ናት፤ እሷንም በአንድ ማርክ ጣላት።

ካርቶኑን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደ። ዳይሬክተሩ የታናሽ እህቱ ባል ነው። በር ሲከፈት «እርስዎ»፣ በር ሲዘጋ «አንተ» የሚለው ሰው ነው። አስተማሪው የሚኖረውም እነሱ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው።

ዳይሬክተሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ካርቶኑን አየው፤ ምንም እንዳልገባው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«እና ተሳስቻለሁ ነው የምትለኝ?»

«ተሳስቻለሁ። ልጅቱ ትክክል ናት።»

«ያቺን ማርክ ይዞ ዐሥረኛ የወጣው ልጅ ቤት ትናንት ተደውሎ ተነግሯል። ልጁ ከደስታ ብዛት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያለቅስ አላየህም? እሱን ምን ልበለው? ፈተናችን ስሕተት ነው፣ ዕንባህን ጥረግ ልበለው?»

«ዐሥራ አንድ ይሁኑ። ምን አለበት?»

«ቦርዱ ዐሥር ብሏል፤ ዐሥር ነው።» ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ እኔ አትፈርም አልልህም። ቅሬታዋን ከሰዓት ታስገባለች፤ ወረቀቱ ወደ ጥያቄ አውጪው ወዳንተ ይመጣል። ትክክል ናት ካልክ ጻፍ፣ ፈርም፤ እኔ ለቦርዱ አቀርባለሁ። ቦርዱ ሰኞ የሚሰበሰበው ደግሞ ስለ አስተማሪዎች ውል ነው። በዚህ ዕድሜህ ውልህን ለማሳደስ ስንት ሰው ፊት እንደ ቆምኩልህ እግዜር ያውቃል። ሰውዬው ፈተና እንኳ በትክክል ማውጣት አቅቶታል ሲሉኝ ምን እላለሁ? እንዳሻህ አድርግ። ብቻ እወቀው።»

አስተማሪው ሊናገር አፉን ከፈተ። በር ተንኳኳ። «ይግቡ» አለ ዳይሬክተሩ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ እሱ ዞሮ፣ በዚያው ፈገግታ «እንግዲህ መምህር፣ በሉ ይበርቱ» አለው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄደ። እህቱ እንደ ሁልጊዜው ሳህኑን ክዳን አድርጋበት ጠበቀችው። ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ሶፋው ላይ ያለው ፕላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተነሣም፤ ስለዚህ እዚያ ቤት የሚቀመጥ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማንኪያው ሳህን ሲነካ፣ ፍሪጁ ሲያንጎራጉር፣ ሌላ ምንም የለም። እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ደብተሯን ሸፍኖ፣ ፀጉሯን በማያውቅ እጁ ጎንጉኖ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። አሁን ፊቷን ሳያይ ይበላል፤ እሷም ፊቱን ሳታይ ጠረጴዛ ትጠርጋለች። ቀድሞ የተጠረገውን ነው የምትጠርገው። ባሏ ደውሎ እንደ ነገራት አወቀ።

«አሟጥጠህ ብላው እንጂ» አለችው።

«በቃኝ።»

ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠችና፣ «ጋሼ» አለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የምትጠራው። «የሰው ልጅ አሳዝናህ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ታሳዝነኛለች። ግን አንተስ? የዛሬ ዓመት የት ልትሆን ነው? ያቺን ሰርቪስ እኮ ለሾፌር እንስጣት ይለኛል በየቀኑ። በየቀኑ! አንድ ወንድም ነው ያለኝ እያልኩ ነው የማዘገየው።» ጨርቁን መልሳ አነሣችው። «ለኔ ስትል።»

የብርጭቆውን ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣና «ምሳው ይጣፍጥ ነበር» ብሏት ወጣ። ምን እንደ በላ ቢጠየቅ ግን አያውቀውም።

ሲመለስ የዘበኛው በር ላይ ያለው ጡብ ከጠዋቱ ቦታ ንቅንቅ አላለም። ልጅቱ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብድግ አለች። ምንም አልጠየቀችውም፤ «ቅሬታዬን አስገብቻለሁ ጋሼ» ብቻ አለችው። ፈገግታዋ እንዴት ያለ ፈገግታ ነው! እሱ ጥያቄውን ስላየው ብቻ ነገሩ ያለቀላት የመሰላት ይመስላል። «ጎሽ» አላትና አለፈ። ጎሽ ማለቱ ለምን እንደ ሆነ ለራሱም አልገባውም።

ወረቀቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ከላይ የልጅቱ ጽሕፈት ነው፤ ትንንሽ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱንም አቅጣጫ ለየብቻ ሠርታዋለች። ሥዕሉን በማስመሪያ ነው የሣለችው። በመጨረሻ ላይ «ስለዚህ በሁለቱም በኩል ስለማይሄድ ባለበት ይቀመጣል፤ የሰበቃው ኃይልም ሃያ ሳይሆን ዐሥር ብቻ ነው» ብላ ጽፋለች። ይህንን እንኳ እሱ በጠዋት ሲሠራ አላሰበውም ነበር። ሰበቃ የቻለውን ያህል ሳይሆን የተፈለገበትን ያህል ብቻ እንደሚይዝ! ማን አስተማራት? እሱስ አላስተማራትም። ከሥር «የጥያቄ አውጪው አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር ክፍት ቦታ አለ፤ ከዚያ ፊርማ።

ብዕሩን አወጣ። ለመጻፍ አራት ቃል ነው የሚያስፈልገው፤ «የተማሪዋ መልስ ትክክል ነው»። የዘጠኝ ሰዓት ክፍሉን አስተምሮ ልምጣና እጽፈዋለሁ አለ። አስተምሮ መጣ። ስለ ሙቀት ነበር ያስተማረው፤ ምን እንዳለ አያስታውስም። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ብዕሩን እንደገና ከፈተ። ስለ ሰርቪሷ ክፍል አሰበ፤ ስለ ሻንጣው፤ ሻንጣውን ይዞ የት እንደሚሄድ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር። ከሁሉ የከፋው ሰኞ ቦርዱ ፊት «ጋሼ ማይነስ ፊዚክስ ተሳሳተ» ሲባል ነው። ሾፌሩ ክፍሏን ይውሰዳት። ይህን ግን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ሰው በዚህ ዕድሜው ከዜሮ በታች ይጀምራል? አሁን እጽፈዋለሁ አለ። ትንሽ ቆይቶ። የመስኮቱ ጥላ ወንበሩ ላይ ሲደርስ። ጥላው ደረሰ፤ አለፈውም።

የዐሥራ አንድ ሰዓቱ ደወል ሲደወል ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንግታ ብቅ አለች። ወረቀቱን አየችው።

«ባዶ ነው እኮ ጋሼ። ባዶ ከሆነ ተቀባይነት እንዳላገኘ ነው የሚቆጠረው። ልውሰደው ወይስ ልጠብቅዎ? ሁለት ደቂቃ ብጠብቅ ችግር የለውም።»

ሁለት ደቂቃ! ብዕሩን ከደነ።

«ውሰጂው» አላት።

ማረፊያው ውስጥ ለብቻው ብዙ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ይሂድ፣ ልጅቱም ትተኛ፣ ግቢው ጭር ይበል ብሎ ነው። ግን ከግቢው የሚወጣው በዚያችው በር ነው፤ ሌላ በር የለም። በመጨረሻ ተነሣ።

ጣውላው የለም። ጡቡ በር ማስደገፊያ ሆኗል፤ የፕላስቲኩ ጠርሙስ ለመንገድ ውኃ ተሞልቶ ክዳኑ ጠብቋል። በሩ ላይ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ በዚያችው ሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። ዘበኛው እንዳየው ቆቡን አወለቀ።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ውጤቱን ነገሩን፤ አልተቀበሉትም አሉን። እኔማ ነግሬያት ነበር። መምህሩ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ አንቺ ማን ነሽና ነው የምታርሚያቸው አልኳት። ነይ ውጪ! ነይ ጋሼን ይቅርታ ጠይቂ!»

ልጅቱ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ሥር ግን አብጧል። ደብተር ይዛለች።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ስሜታዊ ሆኜ ነው። እንደገና ሠራሁት። እንደ እርስዎ አሠራር ሠራሁት፤ ማይነስ ሲመጣ ገለበጥኩት። አራት ነጥብ ሦስት መጣልኝ። ይዩልኝ እስቲ።»

ደብተሩን ሰጠችው። እውነትም እንደ እሱ አሠራር ነው፤ ማይነሱ በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፣ ቀስቷ ወደ ታች ዞራለች። «ለ» ብላ ከባለች። ከጎኑ ለእርማት የሚሆን ቦታ ትታለታለች። ዘበኛው በአስተማሪው ትከሻ በኩል ያያል፤ ፊደል ባይቆጥርም ልጁ መታረቋን ማየት ፈልጓል።

አሁን ይናገር? ቢናገር ምን ይጠቅማታል፣ ዶሴው ተዘግቷል። ነገ በአውቶቡስ ውስጥ እየተቃጠለች እንድትሄድ ነው? ለሷው ብሎ ነው ዝም የሚለው። እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ውሸቱን እንደ ሆነ እያወቀም አሰበው። ከደረት ኪሱ ቀዩን ብዕር አወጣ። እጁ የሃያ ስድስት ዓመት እጅ ነው። ትልቅ፣ ንጹሕ የትክክል ምልክት አደረገባትና ደብተሩን መለሰላት።

ልጅቱ ምልክቱን አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው፤ በዓይኗ ውስጥ ንዴት የለም፣ ንዴት ቢሆን ይሻለው ነበር።

«እኔማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ኤክስ ያደርጉብኛል ብዬ ነበር።»

ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ አልከተተችውም። ደጃፉ ላይ ለእሳት ማቀጣጠያ በተከመረው አሮጌ ወረቀት ላይ አስቀመጠችውና ወደ ውስጥ ገባች። ዘበኛው ግን ደስ ብሎታል፤ ምንም አልገባውም። «አዩ ጋሼ፣ ልቧ ንጹሕ ነው፤ እግዜር ይስጥልን፣ ስለደከሙላት» እያለ እየሮጠ ሄደ። ለአስተማሪው ሁልጊዜ እንደሚከፍትለት ትንሿን በር አይደለም የከፈተለት። ለመኪና ብቻ የሚከፈተውን ትልቁን በር፣ በሁለት እጁ፣ በሙሉ ጉልበቱ እየገፋ ወለል አድርጎ ከፈተለት፤ ቆቡን በብብቱ ይዞም እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀው።